የትእዛዝ መብዛትና የፈጻሚው እጅ

መንግሥት ለሕዝቡ ማሰቡ ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ የሚያወጣው ሕግና የሚዘረጋው ዕቅድ ነው። የታመመው እንዲድን፥ ያልተማረው እንዲማር፥ ገበሬው ከመሬቱ የበለጠ እንዲያገኝ፥ ነጋዴውም በሚዛኑ እንዳያጭበረብር ዐዋጅ ይታወጃል፤ ደንብ ይጻፋል፤ መመሪያም ይላካል። ይህ በጎ አይደለም የሚል ሰው አይገኝም። ነገር ግን ሕግ የሚወጣበት ቦታና ሕግ የሚፈጸምበት ቦታ የተራራቁ ስለ ሆኑ፥ በላይ ያለው ጽሕፈት ቤት በየዓመቱ የሚጨምረው ቃል በታች ካለው ሠራተኛ እጅ ሲደርስ ምን ያህል ሸክም እንደሚሆን የሚመዝን ሰው ጥቂት ነው። ዛሬ በብዙ አገር የሚታየው ችግር የሕግ ማነስ አይደለም፤ አንዱ ሳይፈጸም ሌላው በላዩ መደረቡ ነው።

ቀድሞ ዐዋጅ ይነገር የነበረው በገበያ ቀን ነጋሪት እየተጎሰመ ነበር። በጆሮ የሚሰማ ቃል ነበርና አጭር መሆን ነበረበት፤ ሰሚው ወደ ቤቱ እስኪመለስ ድረስ በልቡ ሊይዘው ካልቻለ መታወጁ ከንቱ ይሆን ነበር። በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ሲጀምር የነጋሪቱ ስም ለወረቀቱ ተሰጠ። ወረቀት ግን እንደ ሰው ልብ ወሰን የለውምና የሚጻፍበት ነገር እየበዛ ሄደ። በ1987 ዓ.ም. የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ሲቋቋም የዐዋጆች ቁጥር እንደ ገና ከአንድ ተጀመረ፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ዐዋጅ ቁጥሩ 1324 ነው። በ29 ዓመት ውስጥ በአማካይ በየዓመቱ ወደ 45 ዐዋጅ ማለት ነው። እርግጥ ከእነዚህ ብዙዎቹ መንግሥት ከውጭ የሚበደረውን ገንዘብ ለማጽደቅ የወጡ ስለ ሆኑ ለቀበሌ ሹም የሚጨምሩት ሥራ የለም፤ ቁጥሩን ብቻ አይቶ የሚደነግጥ ሰው ይህን ሊያስተውል ይገባዋል። ሸክሙ ያለው ከዐዋጁ በታች ነው። ከዐዋጁ በታች የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አለ፤ ከደንቡ በታች እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የሚያወጣው መመሪያ አለ፤ የክልል ምክር ቤቶችም የየራሳቸውን ሕግ ያወጣሉ፤ ከዚህም ሁሉ በታች የአምስትና የዐሥር ዓመት ዕቅድ፥ የዘመቻ ጥሪ፥ ሰርኩላርና የአስቸኳይ ሪፖርት ጥያቄ ይከተላል። ወረዳው የሚቀበለው አንዱን ለይቶ አይደለም፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ ነው።

ይህ ነገር በኢትዮጵያ ብቻ የተነሣ አይደለም። በአሜሪካ የፌዴራሉ መንግሥት ደንቦችና ማስታወቂያዎች የሚታተሙበት ጋዜጣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ሲጀምር የዓመቱ ገጽ 2,600 ያህል ነበር፤ በ2016 ግን ከ90,000 ገጽ አልፏል። በጀርመን አገር በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ክሪስቶፍ ክኒልና ባልደረቦቻቸው ስለዚሁ ጉዳይ ለብዙ ዓመታት መርምረው የደረሱበት ነገር ለሹማምንት ሁሉ የሚጠቅም ነው። በሀብታሞቹ አገሮች አካባቢን ለመጠበቅና ለችግረኛው ሕዝብ ለመርዳት የሚወጡት ሕጎች ከዐሥር ዓመት ወደ ዐሥር ዓመት ሲጨመሩ፥ የፈጻሚዎቹ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛና ገንዘብ ግን በዚያው ልክ አላደገም። ስለዚህ ሠራተኞቹ የታዘዘውን ሁሉ መፈጸም ሲያቅታቸው አንዱን ይዘው ሌላውን ይተዋሉ። ሊቃውንቱ ለዚህ አድራጎት የሰጡት ስም ከጦር ሜዳ ሐኪሞች ሙያ የተወሰደ ነው፤ ቁስለኛው በዝቶ ሐኪሙ ጥቂት ሲሆን ማን ቀድሞ እንዲታከምና ማን እንዲቆይ የሚለይበት ሥርዓት ማለት ነው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ሐኪሙ ምርጫውን የሚያደርገው በታወቀ ደንብ ነው፤ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ግን ማንም ሳይፈቅድለትና ማንም ሳያውቅበት በራሱ ፈቃድ ይመርጣል።

ነገሩ በእጅ እንዲዳሰስ ከኢትዮጵያ አንድ ምሳሌ መውሰድ ይበቃል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከመንግሥት በጎ ሐሳቦች አንዱ መሆኑን ወዳጅም ባዕድም ይመሰክራል። በየገጠሩ ቀበሌ አንድ ጤና ኬላ እንዲሠራ፥ በእርሱም የአንድ ዓመት ትምህርት የተማሩ ሁለት ሴቶች ልጆች ደመወዝ እየተከፈላቸው እንዲቀመጡ ተወሰነ። የሚያስተምሩት ነገር 16 ክፍል ያለው ነበር፤ የመጸዳጃ አቆፋፈር፥ የውሃ ንጽሕና፥ የሕፃናት ክትባት፥ የእናቶች ጤና፥ የወባና የሳንባ ነቀርሳ መከላከል፥ ይህንም የመሰለ ሁሉ ነው። አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ የተመደበ ሲሆን፥ ሠራተኞቹ ከሥራ ጊዜያቸው ሦስት አራተኛውን ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ እንዲያስተምሩ ታስቦ ነበር። ፍሬውም ታየ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ግን ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ይህ ሁሉ ሕይወት የተረፈው በእነዚህ ሴቶች ድካም ብቻ ነው ባይባልም፥ ያለ እነርሱ ይሆን ነበር የሚል ግን ደፋር ነው።

እንግዲህ መልካም መሥራታቸው ሸክም አመጣባቸው። በየቀበሌው ታምና የምትላክ ሰው መኖሯ ከታወቀ በኋላ፥ አዲስ ሐሳብ ያለው መሥሪያ ቤትና ገንዘብ ያለው የውጭ ረጂ ሁሉ መንገዱን በእርስዋ በኩል አደረገ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የሕፃናትን የሳንባ ምች እንድታክም ተፈቀደላት፤ ይህ ሕይወት የሚያድን ሥራ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን የሚታከም ሕፃን ወደ ኬላው ይመጣልና ከቤት ወደ ቤት መሄዷን በዚያው መጠን ቀነሰባት። በዚያው ዘመን በጥቂት ወረዳዎች የማኅበረሰብ ጤና መድን ተሞክሮ ከዚያ በኋላ በብዙ ስፍራ ሲዘረጋ፥ ሕዝቡ እንዲመዘገብ መቀስቀሱ ከሌላው ሥራዋ ጋር ተጨመረ። የሴቶችን የልማት ቡድን መሰብሰብ፥ የቤተሰቡን መዝገብ መሙላት፥ ሥር የሰደዱትን በሽታዎች መከታተል፥ በድርቅ ጊዜ የተጎዱትን ሕፃናት መመዘን፥ በዘመቻም ጊዜ ዘመቻውን መከተል ሁሉ የእርስዋ ሆነ። ትምህርቱ ከ16 ክፍል ወደ 18 ከፍ አለ። ሰዎቹ ግን ሁለት ናቸው፤ ከሁለቱም አንዷ በወሊድ ፈቃድ ወይም በሥልጠና ላይ በሆነች ጊዜ አንዲት ናት።

ከእነዚህ ትእዛዞች መካከል ለብቻው ቢታይ የሚጣል አለን? የለም። የመከራው ሥር ይህ ነው። እያንዳንዱ ትእዛዝ በተጻፈበት ጠረጴዛ ላይ ትክክል ነው፤ ጸሐፊውም ከሠራተኛዋ የጠየቀው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ መሆኑን በእውነት ሊናገር ይችላል። ነገር ግን በአጠገቡ ያሉት ሌሎች ጠረጴዛዎች የጠየቁትን ሰዓት እርሱ አላየም። ሰዓቶቹ የሚደመሩት በላይ አይደለም፤ በኬላው ደጅ ነው።

በግብርናም በኩል ያለው ከዚህ የተለየ አይደለም። በየቀበሌው ሦስት የልማት ሠራተኞች እንዲመደቡ የተወሰነው አንዱ ስለ ሰብል፥ አንዱ ስለ ከብት፥ አንዱ ስለ አፈርና ውሃ ጥበቃ ገበሬውን እንዲመክሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ማዳበሪያና ዘር ማከፋፈሉ፥ ብድር ማስመለሱ፥ ሕዝቡን ለተፋሰስ ሥራ ማውጣቱ፥ የስብሰባ ጥሪውም ሁሉ በእነርሱ ላይ ወደቀ። ገበሬው ትናንት ዕዳውን ሊጠይቀው የመጣውን ሰው ዛሬ እንደ መምህር አድርጎ ለመቀበል ቢያመነታ አይፈረድበትም። በከተማው መሥሪያ ቤትም እንደዚሁ፥ የአሠራር ለውጥ ሲባል ቢ ፒ አር መጣ፤ እርሱ ሥር ሳይሰድ ቢ ኤስ ሲ ተከተለ፤ ከዚያም የለውጥ ሠራዊትና ካይዘን ተጨመሩ። እያንዳንዱ የየራሱ ቅጽና የየራሱ ሥልጠና ነበረው። አንዱን ተምሮ የጨረሰ ሠራተኛ በሁለተኛው ሥልጠና ላይ የፊተኛው መሻሩን ወይም አለመሻሩን ሳይነገረው የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሠራተኛው የታዘዘውን ሁሉ ሊፈጽም ካልቻለ የትኛውን ይተዋል? በዚህ ላይ መቆየት ይገባል፤ ጉዳቱ ያለው ከዚህ ነውና። የሚተወው በጣም የማይጠቅመውን አይደለም፤ ቢተወው የማይታወቅበትን ነው። የተከተቡ ሕፃናት ቁጥር በየወሩ ይጠየቃል፤ የተቆፈረው መጸዳጃም ይቆጠራል። ከአንዲት ፈሪ እናት ጋር ተቀምጦ ስለ መውለጃዋ ጊዜ ለሰዓት ያህል መነጋገር ግን በየትኛውም ቅጽ ላይ ቦታ የለውም። ስለዚህ የሚቆጠረው ይቆያል፤ የማይቆጠረው ይቀራል። ቆይቶም የሚቆጠረው ራሱ እጅ እያነሰው ሲሄድ፥ የባለፈው ወር ቁጥር ጥቂት ተጨምሮበት ለዚህ ወር ይጻፋል። ሪፖርቱ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፥ ከወረዳ ወደ ዞን፥ ከዞን ወደ ክልል እየተደመረ ሲወጣ በላይ ያለው ሹም የሚያየው የተፈጸመ ዕቅድ ነው። የተፈጸመ ከሆነ ደግሞ ሌላ ለመጨመር የሚከለክለው ነገር የለም። በዚህ አኳኋን ሐሰተኛው ሪፖርት ተከታዩን ትእዛዝ ይወልዳል፤ ትእዛዙም ተከታዩን ሐሰተኛ ሪፖርት። ይህን የሚያደርገው ሠራተኛ ሁሉ ሰነፍ ወይም አታላይ ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ሁለት ጌታ ሳይሆን ዐሥር ጌታ የተሾመበት ሰው ነው።

የሙኒኮቹ ሊቃውንት አንድ ሌላም ነገር አስተውለዋል። ከመጠን ያለፈ ሥራ ቢጫንባቸውም እጅግ ብዙ የማይተዉ መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ ምክንያቱም በውስጣቸው ያሉት ሰዎች ሥራቸውን የሚወዱ ስለ ሆኑ ከምሳቸውና ከዕረፍታቸው ቆርሰው ጉድለቱን ይሞሉታል። ይህ የሚያስመሰግን ነው፤ ግን አደጋ አለበት። ትጉሁ ሠራተኛ ሸክሙን በትከሻው ሲሸፍነው ላኪው ሸክም መኖሩን አያውቅም፤ የሚያውቀው ያ ሰው ታሞ ወይም ሥራውን ትቶ የሄደ ዕለት ነው። በዚህም ላይ አዲስ ዕቅድ ያወጣ ሹም በምረቃው ቀን ይመሰገናል፤ ዕቅዱ ከሦስት ዓመት በኋላ በሩቅ ወረዳ ሳይፈጸም ሲቀር ግን የሚጠየቀው የዚያ ወረዳ ሰው ነው። ምስጋናውና ወቀሳው በተለያዩ ሰዎች ላይ እስከ ወረዱ ድረስ ትእዛዝ ማብዛት ለአዛዡ ምንም አያስከፍለውም።

አፈጻጸም ደግሞ ተቃዋሚ ባይኖር እንኳ ከባድ መሆኑ በቊጥር ሊታይ ይችላል። በአሜሪካ ኦክላንድ በምትባለው ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 መንግሥት ለሥራ አጦች ሥራ ለማስገኘት ከ23 ሚሊዮን ዶላር በላይ መድቦ ነበር። ሁሉም ሰው በሐሳቡ ተስማማ፤ ገንዘቡም ነበረ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን የተገኘው ሥራ እጅግ ትንሽ ሆነ። ፕረስማንና ዊልዳቭስኪ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ ምክንያቱን ሲያስረዱ፥ ሥራው ወደ ፍጻሜ እስኪደርስ 70 ያህል የየመሥሪያ ቤቱ ስምምነት ያስፈልገው እንደ ነበር ቆጠሩ። እያንዳንዱ ስምምነት ከመቶ 99 ጊዜ የሚገኝ ቢሆን እንኳ ሰባው ሁሉ በአንድነት የመገኘታቸው ተስፋ ከግማሽ ያንሳል። አንድ ትእዛዝ ብቻውን እንዲህ ከሆነ፥ አንዱ ትእዛዝ የሌላውን መንገድ በሚያቋርጥበት ስፍራ ምን ያህል ይከብድ?

ስለ መሻር የሚነገረውም ነገር አለ። ብዙዎቹ ዐዋጆች በመጨረሻቸው ከዚህ ዐዋጅ ጋር የሚቃረን ሕግ ሁሉ እንደማይሠራ የሚናገር አንድ አጠቃላይ አንቀጽ አላቸው። ይህን ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃል፤ የትኛው ሕግ ከየትኛው ጋር እንደሚቃረን መርምሮ ማግኘቱ ግን ለወረዳው ጸሐፊና ለዳኛው ይተዋል። ሕግ አውጪው ሊሠራው የሚገባውን ሥራ፥ መጻሕፍቱ በእጁ ለማይገኙት ሰው አሳልፎ መስጠት ነው። የቀድሞ ሰዎች ከዚህ የተሻለ አድርገዋል። በስድስተኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዮስጢንያኖስ የሮማን ሊቃውንት ሕግ በአንድ ላይ ባሰበሰበ ጊዜ፥ ሰዎቹ ወደ ሁለት ሺህ ከሚጠጉ መጻሕፍት ሦስት ሚሊዮን መስመር አንብበው ወደ 150,000 እንዳሳጠሩት ይነገራል። በኢትዮጵያ ለብዙ መቶ ዓመት የዳኞችና የካህናት መመሪያ ሆኖ የኖረው ፍትሐ ነገሥት የመንፈሳዊውንና የሥጋዊውን ሕግ በ51 አንቀጽ ጠቅልሎ የያዘ ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫው፥ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔሩ፥ የንግዱና የባሕሩ ሕግ ሲወጡም፥ ፍትሐ ብሔሩ በ3347ኛው ቊጥር በውስጡ ስለ ተነገሩት ጉዳዮች ቀድሞ የነበረውን የተጻፈና የልማድ ሕግ ተካ። ይህ መተካት በአገሩ ልማድ ላይ ጨክኗል ተብሎ የተነቀፈበት ጊዜ አለ፤ ነቀፌታውም መሠረት አለው። ሆኖም ዳኛው ከዚያ በኋላ የትኛውን መጽሐፍ እንደሚገልጥ ያውቅ ነበር።

በቅርቡም ወደ መልካም መንገድ የሚወስዱ እርምጃዎች አልጠፉም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት ዐዋጅ ቊጥር 1183፥ መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ከማውጣታቸው በፊት ረቂቁን ለሕዝብ አስታውቀው አስተያየት እንዲቀበሉ፥ ካወጡትም በኋላ እንዲያስመዘግቡት ያዛል። በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ባለጉዳዩ ሳያየው የሚፈረድበት መመሪያ እንዲቀር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስለ ጤና ኤክስቴንሽኑም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2020 እስከ 2035 የሚሠራበት የማሻሻያ ፍኖተ ካርታ መዘጋጀቱ፥ የሥራው መብዛትና የሰው ማነስ በመንግሥት ዘንድ መታወቁን ያሳያል። በአውሮፓ ደግሞ አንድ አዲስ ግዴታ የሚጭን መሥሪያ ቤት በዚያው ልክ አንድ አሮጌ እንዲያነሣ የሚያስገድድ ልማድ ተጀምሯል። ይህን እንዳለ መገልበጥ አያስፈልግም፤ አንድ የረባ ዐዋጅ ከዐሥር የማይረቡ ሊከብድ፥ አንድ የማይረባም ዐሥር ሠራተኛ ሊያስር ይችላልና ወረቀትን በወረቀት መመንዘር ብዙ አያስኬድም። የሚሻለው ሰዓትን በሰዓት መመንዘር ነው።

ካህናት የሚያነቡት የሐዋርያት ሥራ በስድስተኛው ምዕራፍ የሚነግረው ታሪክ ለዚህ ይስማማል። የመበለቶቹ የዕለት ምግብ አገልግሎት ችላ በመባሉ ቅሬታ በተነሣ ጊዜ፥ ሐዋርያት ነገሩ አይጠቅምም አላሉም፤ ያለውንም ስብከት ሳይቀንሱ በዚያው በራሳቸው ላይ አልጨመሩትም። ሰባት ሰዎች አስመርጠው ለዚያ ሥራ ሾሙ። አዲስ ሥራ በመጣ ጊዜ አዲስ እጅ አብሮት መጣ። ዛሬ ካህናቱ ራሳቸው ከወረዳው የሚደርሳቸውን ደብዳቤ ቢቆጥሩ፥ ስለ ክትባት፥ ያለ ዕድሜ ስለሚደረግ ጋብቻ፥ ስለ ችግኝ፥ ስለ ሰላም ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ እንዲናገሩ የሚጠየቁት ነገር ስንት እንደ ሆነ ያገኙታል፤ የእሑድ ጧት ግን እንደ ቀድሞው አንድ ነው።

ስለዚህ አንድ ትእዛዝ ከመፈረሙ በፊት ፈራሚው ሹም የሚጠይቀው ጥያቄ ቢኖር መልካም ነው፤ ይህን የሚፈጽመው በስም የታወቀው የሥራ ዘርፍ የትኛው ነው? በሳምንት ስንት ሰዓት ይወስድበታል? ያ ሰዓት ዛሬ በምን ሥራ ተይዟል? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ካጣ ትእዛዙ ገና አልበሰለም። ሁለተኛ፥ ወደ አንድ ቀበሌ የሚወርደው የልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች ትእዛዝ በወረዳው አስተዳዳሪ ዘንድ በአንድ መዝገብ ላይ ይሰፍር፤ አስተዳዳሪውም ከአቅም በላይ የሆነውን ለይቶ ወደ ላይ በጽሑፍ የመመለስ ሥልጣን ይኑረው፤ በመመለሱም እንደ እምቢተኛ አይቈጠር። ይህ ካልተፈቀደለት መምረጡ አይቀርም፤ የሚመርጠው ግን በስውር ይሆናል። ሦስተኛ፥ ያለ አገልግሎት የተቀመጡት ቅጾችና ተደራራቢ ሪፖርቶች ይሻሩ፤ ሲሻሩም በየስማቸውና በየቊጥራቸው ይሁን እንጂ በአጠቃላይ ቃል አይሁን።

የበጀቱ ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። ከዚያ በፊት ባሉት ወራት እያንዳንዱ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ ያዘጋጃል፤ በዚያ ዕቅድ ገጾች ላይ በሚቀጥለው ዓመት የሚጀመረው ሁሉ በዝርዝር ይጻፋል። በዚያው ሰነድ መጨረሻ በሚቀጥለው ዓመት የማይሠራው፥ ሠራተኛውም የማይጠየቅበት ነገር ምን እንደ ሆነ የሚናገር አንድ ገጽ ተጨምሮ፥ በሚኒስትሩ ተፈርሞ፥ እስከ ጤና ኬላው ድረስ ይላክ።